መምህር አካለ ወልድ የሸጠው ጨዋታ

መምህር አካለ ወልድ ሰው የሚባል አያምንም ነበር። እንቁላል ሲገዛ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሣ ያያል። የጨዋታ ዳኛ ሳንቲም ሊወረውር ሲል ተቀብሎ ሁለቱንም ፊት ያገላብጣል። ተማሪ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ሊያስፈቅድ ከመጣ «እስቲ ምላስህን» ይለዋል። ሚስት ያላገባውም በዚሁ ጠባዩ ነው እያሉ ሞጣዎች ያሙት ነበር፤ ሐሜቱም ከእውነት ብዙ የራቀ አልነበረም።

ተወልዶ ያደገው ብቸና ነው። ቄሱ አባቱ ለቅኔ ቤት ቢያስቡትም፣ እሱ ሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ከምስክር ወረቀቱ ጋር እውነተኛ የቆዳ ኳስ ይዞ ብቅ አለ። ሞጣ በተመደበ ጊዜ ከተማው የሚያውቀው የጨርቅ ኳስ ብቻ ነበርና ያቺን ኳስ ለማየት ሽማግሌ ሳይቀር ሜዳ ወጣ። ጠዋት ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ልጆቹን ያሯሩጣል። የኳስ ትምህርቱም ከጠባዩ የተቀዳ ነበር። «ሰው በዓይኑም በትከሻውም ይዋሻል፤ አንተ ወገቡን እይ» ይላቸዋል። እሱ ያሠለጠነው ተከላካይ በቀላሉ አይታለልም።

ራሱ ግን ያታልል ነበር፣ ያውም ሳያፍር። የገዛ አገሩን ብቸናን ለማሸነፍ የማይሸርበው ተንኮል አልነበረም። አንድ ዓመት ለብቸናው በረኛ «ግንደወይን ያሉት እናትህ በጠና ታመዋል» የሚል መልእክተኛ ላከበት። ልጁ በጨዋታው ጠዋት እያለቀሰ ቢሄድ እናቱን ገበያ ውለው በደኅና ሲመለሱ አገኛቸው። ሞጣ አሸንፋ ሳቀች። ብቸናዎች ግን ነገሩን በሆዳቸው ያዙት፤ የአካለ ወልድ ታላቅ እህት ጥሩአየሁ እንኳ በወንድሟ አፍራ ከርማለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘመኑ ተለወጠ። ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። ጎረምሳ ያለው ቤት ሁሉ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ጆሮውን ይቀስር ጀመር። በዚህ መሀል ነው ከክፍለ ሀገር የመጣ አንድ ካድሬ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ፣ ሞጣና ብቸና ሊጋጠሙ መሆኑን፣ ያሸነፈውም ቡድን ለውድድር ደብረ ማርቆስ እንደሚሄድ፣ ማሊያና ጫማውም ከመንግሥት መሆኑን ያበሠረው። ልጆቹ በደስታ ተቃቀፉ። አካለ ወልድ ብቻ አልተደሰተም። መንግሥት በነጻ ማሊያ ሲሰጥ አይቶ አያውቅም።

ከካድሬው ጋር አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ ነበር። የደረታቸውን ልክ ወሰደ፤ ይሁን፣ ለማሊያ ነው። እግራቸውን ለካ፤ ይሁን፣ ለጫማ ነው። ቀጥሎ ግን አፋችሁን ክፈቱ እያለ ጥርሳቸውን ማየት ጀመረ። አካለ ወልድ ኳስ በጥርስ ሲመታ አላየም። የተጫዋቹ የፋንታ ተራ ሲደርስ ደግሞ ሰውየው የልጁን ግራ ዓይን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ነጭ የጣለበትን ዓይን አየና «ይኼ አያስፈልግም» አለ።

«በግራ እግሩ እንደሱ የሚመታ ጎጃም ውስጥ የለም» አለ አካለ ወልድ።

«ዓይኑ አያነጣጥርም» አለው ሰውየው፤ ወዲያውም ካድሬው ገላመጠው።

አካለ ወልድ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ይህ የኳስ ምርጫ አይደለም። ያሸነፈው ቡድን የሚሄደው ጦር ሜዳ ነው። ግን ለማን ይናገር? ለአንድ ተጫዋች ቢነግር ልጁ ለእናቱ፣ እናት ለጎረቤት ታወራና ሳይመሽ ቀበሌ ይሰማል። አንጫወትም ማለትም ፀረ አብዮት አሰኝቶ ያሳስራል። የቀረው መንገድ መሸነፍ ብቻ ነበር። ሞጣ ስትሸነፍ ግን ብቸና ታሸንፋለች፤ ለብቸና ደግሞ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የጥሩአየሁ አንድ ልጇ፣ ይጫወታል።

በማግሥቱ ብቸና ወረደ። እህቱን ጓሮ ወስዶ በሹክሹክታ ነገራት። «ልጁን ታሟል ብለሽ አስቀሪው። የሌሎቹንም እናቶች በዘዴ ንገሪያቸው።»

ጥሩአየሁ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ሰማችው። «ጨረስክ?»

«ጨረስሁ።»

«በዚያን ጊዜ የሰው እናት አሳመምክ። አሁን ደግሞ የእኔን ልጅ ልታሳምም መጣህ። ሞጣ ይህን ያህል ፈራችን?»

ማለላት። በአባታቸው አጥንት ማለላት። እሷ ግን ስቃ ቡና እንኳ ሳትለው እስከ መኪና ሸኘችው።

የጨዋታው ቀን የሞጣ ሜዳ በሰው ተጨናነቀ። አካለ ወልድ ፋንታንም ሐምዱንም አስቀምጦ ገባ። ሐምዱ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው የአብዱልዋሂድ ልጅ ነው፤ ኳስ እግሩ ሥር ከገባች የሚነጥቀው የለም። አብዱልዋሂድ ከሕዝቡ መሀል ወጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«መምህር፣ ልጄ ምን አጠፋ?»

«ደክሞታል።»

«ልጄ ነው፤ መድከሙን እኔ አላውቅም? ወይስ የአገርዎ ነገር ሆድዎን አባባው?»

አካለ ወልድ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። የቀሩት ልጆች ያለ ሁለቱም ቢሆን አልሸነፍ አሉት። ለዓመታት ያስተማራቸውን ሁሉ ያን ዕለት አንድ ሳያስቀሩ ሠሩበት፤ ኮርቶባቸውም እንደሆነ እንጃ፣ ጥርሱን ነክሶ ያያቸው ነበር። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ደኅናውን በረኛ አስወጥቶ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን የሚጨፍነውን ተጠባባቂ አስገባ። ሕዝቡ ያን ጊዜ አጉረመረመ። «ሸጠን» የሚለው ቃል ከአንዱ ወደ አንዱ ተሻገረ። ብዙም ሳይቆይ ኃይለ ጊዮርጊስ አንዱን አታልሎ፣ ሁለተኛውን አልፎ አገባው።

ፊሽካው ሲነፋ ልጁ እየሮጠ መጥቶ የአጎቱን ጉልበት ሳመ። አካለ ወልድ ያቀፈው መስሎ ጆሮው ላይ «መኪናው ላይ አትውጣ» አለው። ልጁ ሳቀ። አጎቱ ተንኮል ይዞ መምጣቱን እናቱ አስቀድማ ነግራዋለች፤ ይኸው ተሸንፎም አልተወም። ከባልንጀሮቹ ጋር እየዘፈነ ጭነት መኪናው ላይ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አካለ ወልድን በሞጣ መንገድ ላይ ደኅና ዋልክ የሚለው ጠፋ። የሻይ ቤት ወንበር ሲስብ አጠገቡ ያለው ሰው ይነሣል። ሐምዱም ክፍል ውስጥ ጀርባውን ይሰጠዋል። መምህሩ ቻለው። የሚያስጨንቀው ሌላ ነበር፤ የመናኸሪያ ሾፌር ባየ ቁጥር ስለዚያ መኪና ይጠይቃል።

ወሬውን ያመጣው ከደጀን የተመለሰ ሾፌር ነው። መኪናው ደጀን ሲደርስ ወደ ሉማሜ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ መታጠፍ ሲገባው ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ ወረደ። ልጆቹ መንገዱ ተሳሳተ እያሉ የጋቢናውን ጣራ ይደበድቡ ነበር አለ። በጠመንጃ ነው ዝም ያሰኟቸው።

አብዱልዋሂድ ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ መጣ። የመምህሩን ትከሻ ስሞ፣ ስኳርና የካናቴራ ጨርቅ አስቀምጦ ወጣ። ሌሎችም መጡ። ሻይ ቤት ሲገባ ሰው ብድግ ይልለት ጀመር። እሱ ግን ሻይ ቤት መሄዱን ተወ፤ የተመሰገነበት ነገር ያንገፈግፈው ነበር።

ጥሩአየሁ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ግቢ ቢላት አልገባ ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«ነግረኸኝ ነበር» አለችው።

«ነግሬሽ ነበር፣ እታለም።»

«አንተ መቼ እውነት ተናግረህ ታውቃለህ? በምን ልለየው?»

 እሷን ሊቆጣ ፈልጎ የሚቆጣው ራሱን ብቻ ሆነበት። ቀና ብላ አየችው።

«ይመለሳል በለኝ።»

አካለ ወልድ ሬዲዮው ከሚናገረውም ከማይናገረውም የሰሜኑን ጦርነት ያውቀዋል። የተመለሰም ብዙ አላየም። ልጁ ይመለሳል ብሎ ለአንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም።

«ይመለሳል» አላት። «ለፋሲካ ይመለሳል።»

ጥሩአየሁ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ይህንን አመነችው። ተነሥታ ቤት ገባችና፣ ከስንት ቀን በኋላ፣ የቀረበላትን እህል ቀመሰች።