የሚያስገባው መርፌ

ሐሙስ፣ ጥር 7 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። እዚህ ዐረብ አገር፣ መንሱራ በሚባል ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው መካኒክ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ተነሣ። ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቁሮ ነበር።

ባለፈው የዚህ አገር የበጋ ሙቀት ላይ ልቡን ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ነገሩ የተነሣው ከበሰበሰ ጥርስ ነው፤ ሐኪሞቹ እንደነገሩን ከዚያ የወጣ ተሕዋስ በደሙ ገብቶ ከልቡ ቫልቮች አንዱን በላው። ትኩሳትና ብርድ እየተፈራረቁበት ዐዚዚያ ሰፈር ባለው ጋራዥ ሲሠራ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከመኪና ሥር ገብቶ መውጣት አቃተው። ከፊሉ፣ የጋራዡ ባለቤትና የመኖሪያ ፈቃዱ የኢቃማው ዋስ ማለት ነው፣ በራሱ መኪና ሆስፒታል አደረሰው። የተበላው ቫልቭ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተተከለለት። ቤቱ ጸጥ ሲል ቫልቩ ከደረቱ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማኛል። እሱ ግን እንደ ሞተር ቆጥሮት «ታይሚንጉ ልክ ነው» እያለ ይስቃል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ልብስህን ልበስ፣ ሆስፒታል እንሂድ አልኩት። አልተነቃነቀም። እትዬን ጥራልኝ አለ።

እትዬ የምንላቸው ታች ቤት የሚኖሩ፣ መላዝ ሰፈር በአንድ ቤተሰብ ቤት ምግብ የሚያበስሉ የጎንደር ሴት ናቸው። ወደ ሥራ ሊወጡ ዓባያ የሚባለውን ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው ነበር። በሩን ክፍት ትተው ገቡ፣ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ሳብ አድርገው አዩ፤ የጣራውን መብራት አስበርተው እንደገና አዩ።

«የወፍ በሽታ ነው» አሉ።

ይህን በሽታ አገር ቤት የማያውቀው የለም። መድኃኒቱ ሥር ነው፣ ጠላቱ ደግሞ መርፌ። ወፍ ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ አያድርም ይባላል። እትዬ ሥሩ ነበራቸው፤ ከጎንደር ሰው ይዞላቸው መጥቶ በፌስታል ተቋጥሮ ፍሪጃቸው ውስጥ ተቀምጧል። የሚጠጣው ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በባዶ ሆድ ነው። ነገ ዓርብ ነበር።

ወጣ ብዬ የቀዶ ጥገናውን ክትትል ወደሚያደርገው ክፍል ደወልኩ። ስልኩን ያነሡት ሐኪም ሁለት ነገር ነገሩኝ። ዛሬውኑ ይምጣ፤ እስኪመጣም ከታዘዘለት ውጪ ምንም እንዳይጠጣ። ሰውዬው ደሙ ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ በየቀኑ ማቅጠኛ ይውጣል፤ ያልታወቀ ሥር ከዚያ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያደርግ ማንም ዋስ መሆን አይችልም። እንግዲህ እስከ ነገ ንጋት አንዱ መሆኑ ነው። ወይ ሆስፒታል ይገባል፣ ወይ ሥሩን ይጠጣል።

«ለመሆኑ የትኛዋ ወፍ ናት እትዬ?» አልኳቸው ተመልሼ። «እዚህ ያለው ኤሲው ላይ የሚያርፈው ርግብ ብቻ ነው።»

«አንተ ቀልድ። ወፍ ኢቃማ አትጠየቅም፤ ያሻት ቦታ ትገባለች።»

መርፌ የገደለው ሰው እንዳለ ጠየቅኋቸው። አለ፣ የእህታቸው ባል። ከመጀመሪያው ጀምረው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው፤ አንድም ነገር ሳይደብቁ ነገሩኝ። ሰውዬው በአጨዳ ወራት ቢጫ ሆነ፣ ሥር ጠጣ፣ አልለቀቀውም፣ ደግሞ ጠጣ፤ መቆም ሲያቅተው በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። እዚያ መርፌ ተወጋ፣ በዚያው ቀን ሞተ። ስለዚህ ሥሩንም ጠጥቶ ነበራ፣ አልኩ። ዘግይቶ ነው የጠጣው፣ አሉ። መካኒኩ ከአልጋው ላይ ሆኖ በእሳቸው ንግግር ተስማምቶ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ፤ በክርክር ብዛት እምነቱን የለወጠ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የመርፌው ሕግ ራሱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ማወቅ ይሻላል።

«እትዬ፣ የሚገድለው ማንኛውም መርፌ ነው? ለምርመራ ደም የሚቀዳውም?»

ቆም ብለው አሰቡ። ከዚህ በፊት ይህን የጠየቃቸው አልነበረም መሰለኝ።

«የሚያወጣው ምን ያደርገዋል» አሉ። «የሚገድለው የሚያስገባው ነው።»

«እንግዲያው ለሚያወጣው እንሂድ።»

መካኒኩ እሳቸውን አየ። «ይሂድ» አሉ። «ግን ምንም እንዳያስገቡበት። ቃል ግባ ጋዜጠኛው።» እሱ ሳይፈቅድ ምንም እንደማይገባበት ቃል ገባሁ፤ ያላ ብለን ወጣን።

ሆስፒታል ያየው ሐኪም ሱዳናዊ ነበር። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ። ደም ተቀዳ። ደረቱም በአልትራሳውንድ ታየ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወንበር ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠና በዐረብኛ አስረዳን፤ እኔ ተረጎምኩ። አዲሱ ቫልቭ ደህና ነው። ነገር ግን የተሰፋበት ሥጋ ቀድሞ በተሕዋሱ የተጎዳ ስለነበር፣ በአንድ በኩል ስፌቱ ለቅቆ ጠባብ ክፍተት ተፈጥሯል። ደሙ በዚያ ክፍተት በኃይል ወደ ኋላ ሲረጭ ቀይ ሕዋሳቱ ይሰባበራሉ። ዓይኑን ቢጫ ያደረገውም ሽንቱን ያጠቆረውም የእነሱ ስብርባሪ ነው። ጉበቱ ምንም አልሆነም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር አልፎ አልፎ ብቻ እንደሚያይ ተናገረ።

መካኒኩ ተርጉሜ ሳልጨርስ ገብቶታል። «ጓርኒሲዮን ነዋ፣ ማሸጊያው» አለ። «ቫልቩ ደህና ነው፤ መቀመጫው ላይ ያፈሳል።»

ይህን ለሐኪሙ ስተረጉምለት ሳቀ፤ ልክ ነው አለ። ቀጥሎ የተናገረው ግን አላሳቀንም። ደሙ በጣም ወርዷል። ተሕዋሱ ተመልሶ እንደሆነ ለማወቅ የደሙ ምርመራ ቀናት ይፈጃል፤ ክፍተቱ የሚደፈነው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ደም መውሰድ አለበት፤ ካልወሰደ ልቡ አይችለውም።

መካኒኩ የተጠቀለለውን እጅጌውን ወደ ታች መለሰ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ ቤት» አለኝ። «ይሄ የሚያስገባው ነው።»

ቃል ገብቼ ነበር። መላዝ ደውዬ እትዬን አገኘኋቸው፤ ከበስተጀርባቸው ድስት ይሰማል። የታየውን በታየበት ቅደም ተከተል ነገርኳቸው፣ ሐኪሙ ያላለውንም አልጨመርኩም።

«የሚገባው ምንድን ነው?» አሉ።

«ደም።»

«መድኃኒት የለበትም?»

ሐኪሙን ጠየቅኩት። ከረጢቱ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ጥቂት ነገር አለ አለኝ። እንዳለ ነገርኳቸው።

«ይሄን ብትደብቀኝስ ማን ያውቅ ነበር?» አሉ።

«ጠየቁኝ።»

«ስልኩን ለእሱ ስጠው።»

ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ሰማሁ። «ስማኝ ልጄ» አሉት። «ወፍ የምትቀመጠው ጉበት ላይ ነው። ጉበቱ ደህና ነው፣ ነገሩ ከልብ ነው ካሉ የእኔ ሥር አያውቀውም። የማያውቀውን ደግሞ አላጠጣህም። እጅህን ስጣቸው።»

መካኒኩ ስልኩን መለሰልኝ፣ ጥቂት ጣራ ጣራውን አየ፣ እጅጌውን ጠቀለለ። ነርሷ መርፌውን ስታስገባ ዓይኑን አልጨፈነም። ደሙ በቀጭኑ ቱቦ እየወረደ ክንዱ ሲደርስ ሁለታችንም አየነው። ከረጢቱ ሲጋመስ ጋራዥ ውስጥ ጀምሮ ስለተወው የአንድ ፒካፕ ሞተር ያወራኝ ጀመር። የጋራዡ ልጆች ያለ እሱ እንዳይነኩት ለከፊሉ ደውዬ እንድነግርለት ፈለገ። ደወልኩ። ከፊሉ ሳቀና፣ ኢንሻአላህ ራሱ መጥቶ ይፈታዋል፣ ማንም አይነካውም አለ።

ሆስፒታሉ ወዳጅ ዘመድ ደም እንዲተካ ጠይቆን ነበር። እሑድ እኔ ሰጠሁ፤ እትዬም ማዳማቸውን አስፈቅደው መጥተው በሴቶቹ በኩል ሰጡ። ሲወጡ ክንዳቸው ላይ ፋሻ ታስሮላቸው፣ በእጃቸው ጁስ ይዘው ነበር።

«ፈሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ያስፈራል፣ የሚያወጣው አይደል?»

የደሙ ምርመራ ውጤት መጣ፤ ተሕዋስ አልተገኘም። ሐኪሞቹ ደረቱን ዳግመኛ ሳይከፍቱ፣ ከብሽሽቱ በደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተው እስከ ልቡ በማድረስ ክፍተቱን በትንሽ መድፈኛ ዘጉት። መካኒኩ ምስሉን ካላሳያችሁኝ አላምንም ብሎ አስቸገራቸው። ሱዳናዊው ሐኪም ስክሪኑን አዞረለት፤ ቀረብ ብሎ መረመረና የመድፈኛውን ጠርዝ በጣቱ አሳየኝ፣ «እዚህ ጋ ይዟል» አለ።

ቤት ስንመለስ እትዬ ሥሩን ከፍሪጁ አውጥተው ነበር። «የሚያውቀው በሽታ እዚያ ነው» ብለው፣ አገር ቤት ለሚመለስ ሰው አስይዘው ለእህታቸው ላኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 20 ቀን፣ ጠዋት ለክትትል ሄድን። መካኒኩ በፕላስቲክ ብርጭቆ የሰጠው ሽንት ጥቁረቱ ጠፍቶ ፈዛዛ ቢጫ ነበር።