ጀማል የሞላው ዘይት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁትም። ፊታቸው ቀርቤ ትንንሹን ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ትልቁን ዋጥ አድርጌ ስመለስ ኖሬአለሁ። ሰው አምቼአለሁ፣ ጾም ገድፌአለሁ፣ ተቆጥቼ ተሳድቤአለሁ እላለሁ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኛል፤ የተፈታሁ መስዬ እወጣለሁ። ስለ ጀማል ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ታዲያ ለማታውቁኝ ለእናንተ ለምን እነግራችኋለሁ? ምናልባት ስለማታውቁኝ ይሆናል።

መካኒክ ነኝ። አትላንታ አጠገብ፣ ስቶን ማውንቴን ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ሁለት መኪና የምታስገባ ጋራዥ አለችኝ። ዛሬ የኔ ብቻ ናት፤ ያኔ ግን የኔና የጀማል ነበረች። ጀማል የደሴ ልጅ ነው። ሁለታችንም በዲቪ መጥተን፣ የሰው ጋራዥ ተቀጥረን ስንሠራ ተገናኘንና የራሳችንን ከፈትን። እሱ ዝግ ያለ፣ «ቢስሚላህ» ሳይል አንድ ብሎን የማይፈታ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ችኩልና ወሬኛ ነኝ። እሱ እጅ፣ እኔ ምላስ ሆነን እንሠራ ነበር። ደንበኛ የሚመጣው በኔ ምላስ ነው፤ ተመልሶ የሚመጣው ግን በሱ እጅ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ የሳንዲ ስፕሪንግስ ሽማግሌ አሮጌ ላንድክሩዘር ይዘው መጡ። ከሟች ባለቤታቸው ከወይዘሮ አልማዝ ጋር፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ወደ ሰሜን ጆርጂያ ተራሮች ይወጡባት የነበረች መኪና ናት። ሞተሯ ደክሞ ዳገት እምቢ ብላለች። ያያት መካኒክ ሁሉ ሞተሩን ይቀይሩት ብሏቸዋል፤ እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። «አልማዝ ድምፁን ታውቀው ነበር። ገና ከመታጠፊያው ስገባ ሰምታ በር የምትከፍትልኝ በሱ ነበር» አሉን። ጀማል ይህን ሲሰማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ጋሽዬ፣ ሞተርዎ አይቀየርም፤ እናድሰዋለን» አላቸው። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ሥራው ረመዳን ላይ ዋለ፤ ያን ዘመን ረመዳን የሚገባው በአትላንታ የበጋ ሙቀት ነበር። ጀማል ውሃ ሳይቀምስ ሞተሩን በታትኖ፣ የፒስተኑን ፋሻ፣ ቀለበቶቹን፣ ለውጦ፣ ብሎኑን አንድ በአንድ አጥቦ መልሶ ገጠመው። እኔ የበረዶ ውሃዬን ከጋራዡ የሥራ ቫን ጀርባ ተደብቄ ነበር የምጠጣው። ያን ያህል እወደው ነበር፤ ይህንንም የምጽፈው ፍቅር ከክፉ ሥራ እንደማያድን እንድታውቁት ነው።

ሲያልቅ፣ አመሻሽ ላይ፣ «ጌች፣ ዘይቱን ሞልቻለሁ። ነገ ጋሽ መኩሪያ ፊት እናስነሳዋለን» ብሎኝ ሊያፈጥር ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔ ቀረሁ። ከሥር ገብቼ ሳይ፣ ከዘይት ማፍሰሻው ብሎን ጠብ፣ ጠብ ይላል። ዘይት እንዳያፈስ የሚያፍነው የብሎኑ ሮንዴላ አርጅቶ ነው። ዘይቱን ንጹሕ ባልዲ ውስጥ አፈሰስኩት፣ ሮንዴላውን ቀየርኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ። ዘይቱን ልመልስ ስነሳ ስልኬ ጮኸ፤ አንድ ደንበኛ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት ነው። በሩን ዘግቼ ሮጥኩ። ዘይቱ ባልዲው ውስጥ ቀረ፣ እኔም ረሳሁት።

መርሳት ኃጢአት ነው? አይመስለኝም። እስከዚህ ድረስ ያለው የማንም ሰው ስህተት ነው። የኔ የሚጀምረው በማግስቱ ነው።

ጠዋት ጋሽ መኩሪያ ቀድመው መጡ። ጀማል አልደረሰም። መጠበቅ ነበረብኝ? ነበረብኝ። ትናንት ሥራ የጀመረ ተለማማጅ እንኳ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት የዘይት መለኪያውን መዝዞ ያያል። እኔ አላየሁም። የሽማግሌው ፊት ሲበራ ቀድሜ ማየት የፈለግኩት እኔ ነኝ፣ ምስጋናው የኔ እንዲሆን የቸኮልኩት እኔ ነኝ። የዘይቱ ማስጠንቀቂያ መብራት አምፖሉ እንደተቃጠለም አውቅ ነበር። ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳ። ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና፣ «ራሱ ነው» አሉ።

አብረን ወጣን። ሃይዌይ ገብተን ብዙ ሳንርቅ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፣ ከዚያ አንዴ አጓርቶ ተጣብቆ ቀረ። ያን ጊዜ ባልዲው ትዝ አለኝ። እዚያው መንገድ ዳር፣ ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው፣ ሁሉንም አወቅኩ።

መኪናዋ ተጎትታ ስትመለስ ጀማል ጋራዡ በር ላይ ነበር። እሱ ኮፈኑን እስኪከፍት እኔ በጓሮ ዞርኩ። ዘይቱ እዚያው ነው፣ ማር የመሰለ፣ ምንም ያልነካው። ብድግ አድርጌ የተቃጠለ ዘይት የምናጠራቅምበት በርሜል ውስጥ ደፋሁት። ባልዲውን ወልውዬ ቦታው መለስኩት። እንዴት አስቻለኝ እያልኩ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

ስመለስ ጀማል የዘይት መለኪያውን ይዞ ቆሟል። ደርቋል። «ሞልቼው ነበር እኮ!» አለ። ሮጦ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ባዶ የዘይት ጠርሙሶቹን አወጣ። «ይኸው ጌች፣ ባዶዎቹን እያቸው።»

«እነዚያ የቫኑ ናቸው። ትናንት ለቫኑ ቀይሬለት ነበር» አልኩት።

ጠርሙሶቹን አየ። እኔን አየ። ከዚያ እጆቹን አየ። ከዚያ በፊት ዋሽቼው ስለማላውቅ፣ ከራሱ ትዝታ ይልቅ እኔን አመነ። በዚያች ቅጽበት ያደረግኩትን ስም ልሰጠው እሞክራለሁ፤ ስርቆት ከማለት የተሻለ ቃል አላገኘሁም። አንድን ሰው በራሱ ላይ ያለውን እምነት ሰረቅኩት።

ይህም አልበቃኝም። ደግ ለመምሰል ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞሬ፣ «ጾም ላይ ነው ጋሽዬ፣ ድካም ነው፣ አይፍረዱበት» አልኳቸው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለኔ ነው። ጀማል ቀና አለ። ሲቆጣ አይቼው የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጾሜን አትንካብኝ። ስንት ረመዳን ጾሜ ሠርቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የጾሙ አይደለም።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ያዘ። «ጋሽዬ፣ አፉ ይበሉኝ» አለ። በነሱ አገር አፉ በለኝ ማለት ይቅር በለኝ ማለት ነው። ጋሽ መኩሪያ፣ «ተነስ ልጄ፣ ተነስ» እያሉ ትከሻውን ይዘው አነሱት። እኔም እዚያው ቆሜ፣ እንዳዘነ ሰው ከንፈሬን መጠጥኩ።

ሞተሩ የማይጠገን ሆነ። ከተጋጨ መኪና የወጣ ሌላ ሞተር ፈልገን ገጠምን። ኃይሏ ተመለሰ፣ ዳገቱን እየዘለለች ትወጣለች። ጋሽ መኩሪያ ሰምተው፣ «ጎበዞች ናችሁ» አሉን፤ ዓይናቸውን ግን አልጨፈኑም። ጥቂት ቆይተው መኪናዋን ሸጧት።

ሌላውን ሞተር ስንገጥም ጀማል በየብሎኑ ይጠራኝ ነበር። «ጌች፣ ይቺን አይተህልኛል? ቼክ አድርግልኝ እስቲ።» እንደዚያ ያለ መካኒክ! ሥራው እንዳለቀ ልብሱን አጥፎ፣ «እጄን አላምነውም። የሰው ነፍስ ነው የምንይዘው» አለኝ። ሂድ አላልኩትም፣ ቅርም አላልኩትም። አሁን ሮዝዌል ሆኖ ሰው ያመላልሳል።

ጋራዡ ለኔ ብቻ ቀረልኝ። መኪና ሥር ሆነን ስንጠራራ ኖረናልና፣ አሁንም ሳላስበው «አስነሳ!» እላለሁ። የሚያስነሳ የለም። ተሳቤ ወጥቼ፣ ቁልፉን ራሴ አዙሬ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ምሳዬን የምበላው ራዲዮ ከፍቼ ነው፤ ራዲዮው ምን እንዳለ ግን አልሰማም። ብቸኝነት ይከብዳል ብዬ አላማርርም፤ በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው። ግን ይከብዳል።

ጀማል ለመኪናው ዘይት የሚያስቀይረው እኔ ጋ ነው። በሩ ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ አጠገብ አይደርስም። «አንተ ሙላልኝ፣ አንተ አትረሳም» ይለኛል።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ደወለ። «ጌች፣ ኢንሻአላህ ሐጅ ልሄድ ነው» አለኝ። ወደ ሐጅ የሚሄድ ሰው በሕይወቱ የበደለውን ሁሉ ፈልጎ ይቅርታ ይጠይቃል። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«ወንድሜ፣ ያችን ሞተር… ስምህን አብሬ አጎደፍኩት። አፉ በለኝ።»

ልነግረው እችል ነበር። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፣ እሱ እየጠበቀ ነው፣ ማንም ሦስተኛ ሰው የለም። እኔ ምን አልኩ?

«አፉ ብዬሃለሁ።»

«ከልብህ?»

«ከልቤ።»

አለቀሰ። «አላህ ይስጥልኝ፣ ቀለል አለኝ» አለኝ። ዘይቱን ያፈሰስኩት እኔ፣ የደፋሁት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ፣ በመጨረሻም ይቅር ባይ የሆንኩት እኔ! ሲመለስ በትንሽ ጠርሙስ የዘምዘም ውሃ አመጣልኝ። መሣሪያ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል፤ ልከፍተውም ልጥለውም አልቻልኩም።

ሲመጣ እነግረዋለሁ እላለሁ። ይህንንም ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ ሰው ነህና ትሳሳታለህ፣ እግዜር ይቅር ይበልህ ልትሉኝ ትችላላችሁ። እባካችሁ አትበሉኝ። የራስ ያልሆነ ይቅርታ መስጠት ምን እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይቅርታው የጀማል ነው፤ እሱም ምን ይቅር እንደሚል ገና አያውቅም።

ዘይቱን ጀማል ሞልቶት ነበር። ያፈሰስኩት እኔ ጌታቸው ነኝ።