የቺፑድ አራስ ቤት

ባለፈው ሳምንት ሰሚት ሰፈር፣ ትንሿ ልጄ ቤት ሄጄ ነበር። ለመኝታ ቤቷ አዲስ ቁምሳጥን አስገብታለች። «እማዬ፣ ነይ እይልኝ» ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሽታው ከውስጥ ወጥቶ ፊቴ ላይ ዐረፈ። ዐይኔን ቆጠቆጠኝ፣ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ አፌን ምራቅ ሞላው። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ወደ በረንዳው ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ! ልጄ ከኋላዬ እየሳቀች «የአዲስ ዕቃ ሽታ እኮ ነው፤ እንዲያውም ደስ ይላል» ትለኛለች።

ደስ ይላል! ሰው ይህን ደስ ይላል ሲል ስሰማ እንደገና ያቅለሸልሸኛል። ቁምሳጥኑ ከላይ ያብለጨልጫል እንጂ ሆዱ ቺፑድ ነው። ቺፑድ ማለት የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተለውሶ፣ ተጨፍልቆ፣ ጣውላ መስሎ የሚወጣ ነገር ነው። እኔ ይህን ሽታ የማውቀው በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ በተኛሁበት ክፍል ነው። ለልጄ ይህን ሁሉ ከየት ጀምሬ ልንገራት? «መስኮቱን ክፈቺው፣ ለጊዜውም እዚህ ክፍል አትተኙ» ብቻ አልኳት። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ።

ቤታችን ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ በወሎ ሰፈር በኩል ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ሆቴል ቆሟል። ያኔ የአንድ ባለጸጋ ቪላ ነበር። ደርግ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ቀበሌው ተረክቦ ለአራት ቤተሰብ አከፋፈለው። ለእኔና ለባለቤቴ፣ እንዲሁም ከወሎ ለመጡ አንድ ሹፌርና ሚስቱ የደረሰን ሳሎኑ ነው። አዎ፣ አንድ ሳሎን ለሁለት ቤተሰብ። መሃሉን ሁለት አንሶላ ሰፍተን ጋረድነው። የበረንዳው በር በእነሱ ወገን ሆነ፤ በእኛ ወገን አንድ መስኮትና የኮሪደሩ በር ቀረልን።

ጎረቤቴ ደግ ሴት ነበረች። ቢሆንም አንሶላ ግድግዳ አይሆንም። የባሏን ማንኮራፋት፣ የሦስት ልጆቿን ጠብ እኔ እሰማለሁ፤ እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ ሳፋ ላይ ተደፍቼ የማስመልሰውን እሷ ትሰማለች። «እህቴ፣ ሎሚ ልቁረጥልሽ?» ትለኛለች ከአንሶላው ማዶ። ደግነቷ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር። ማስመለስ እንኳ ለብቻ የማይቻልበት ቤት ምን ቤት ነው?

ባለቤቴ ሀፍረቴን ያይ ነበር። በመንግሥት መጋዘን የሚሠራ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው፤ ትምህርት ቤት እንጨት ሥራ ተምሯል፤ እጁ ወርቅ ነበር። ሆዴ ሲገፋ አንድ ቀን «አንቺን በአንሶላ ጋርጄ አራስ አላደርግሽም። የራስሽ ክፍል ይኖርሻል» አለኝ። አመንኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልተመኘሁም።

ቺፑዱን ያመጣው በሐምሌ፣ ልወልድ ሳምንት እንኳ ሳይቀረኝ ነው። ለመጋዘኑ ከመጣው ላይ ለሠራተኛ የተፈቀደ ስምንት ሰሌዳ። የጎረቤቴ ባል በጭነት መኪናው አድርሶለት፣ ሁለቱ ተሸክመው ሲያስገቡት ዝናቡ ይወርዳል። «ገና ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ነው! ትኩስ!» እያለ ባለቤቴ እንደ ዳቦ ያሞግሰዋል። ውጪ ዝናብ ስለሆነ ቆርጦ የጨረሰው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

የጥድ ሰጋቱራ ቢሸትም የዛፍ ሽታ ነው፤ ሰውን አይጣላም። ይህ ግን እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል ቡናማ ዱቄት ነበር። አልጋው ላይ፣ ወጡ ላይ፣ የውሃ መቅጃው አፍ ላይ፣ ጥርሴ መሃል ሁሉ ገባ። ስጎርስ ይንቀጫቀጫል። ባለቤቴ አፍንጫው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ሳያስር፣ ዐይኑ በርበሬ መስሎ፣ እንባው በዱቄቱ ላይ መንገድ እያወጣ ይገዘግዛል። «ምነው ታለቅሳለህ?» አልኩት። «ለልጄ ቤት እየሠራሁ ምን ያስለቅሰኛል?» ብሎ ሳቀ። ድድና ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ሳየው ፊቴን አዞርኩ። የሚወደኝን ሰው ሳቅ ተጸየፍኩ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን አንሶላው ወርዶ ግድግዳ ቆመ። የግቢው ሰው በየተራ እየመጣ በጣቱ ቆረቆረው። ቀለም የሚባል ነገር ስላልተገኘ ገጹም ጠርዙም ጥሬውን ቀረ። እኔ በአራተኛው ቀን ምጥ ያዘኝ፤ ሐኪም ቤት ገብቼ ሴት ልጅ ወለድኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብዬ ስንመለስ አማቴ ከሰላሌ ቅቤና የገብስ ዱቄት አስይዘው ደርሰው ነበር።

አማቴ አራስ ማረስ ያውቁበታል። ስምንት ወልደዋል፤ የስንቱን ልጅ ተቀብለዋል። እንደገቡ መስኮቱን ዘጉት፤ በስንጥቁ ጨርቅ ወተፉበት፤ የኮሪደሩ በር ሥር ጆንያ አጋደሙ። ጆሮዬን በጥጥ ደፈኑት፤ ራሴን ጠፍረው አሰሩኝ። «ንፋስ የአራስ ጠላት ነው፣ ልጄ። ምች አይምርም» አሉኝ። ብርዱ የሐምሌ ብርድ ስለሆነ ከሰል አቀጣጥለው ጢሱ ሲጠፋ አስገቡልኝ። ክፍሉ ሞቀ። ክፍሉ ሲሞቅ ግድግዳው መሽተት ጀመረ።

አሁን ሳስበው እንኳ ምላሴ ሥር ይመጣብኛል። ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን በጠርሙስ ፈሳሽ ውስጥ ያስቀመጡት እንቁራሪት ነበር። ሆዱ ነጭ፣ እግሩ የተንጨፈረረ፣ ዓመት ሙሉ የማይበሰብስ። ክዳኑ ሲከፈት ከፊት የተቀመጥነው ዐይናችንን ይዘን እንጮህ ነበር። ግድግዳው ያንኑ ሸተተኝ። ገንፎ ሲቀርብልኝ ገንፎው ያንን ይሸታል። ራሴ ላይ የተደረገው ቅቤ፣ የልጄ መጠቅለያ፣ የገዛ ወተቴ ሁሉ ያንን ሸተተኝ። ልጄንና እኔን አንድ ጠርሙስ ውስጥ ከተው የከደኑን መሰለኝ።

አራስ ሽታ ያስጠላታል ተብሎ ይታለፋል፤ እኔም ችዬ እተኛ ነበር። ልጄ ግን አልቻለችውም። በአምስተኛው ቀን ዐይኗ ዐር አወጣ። በሰባተኛው አፍንጫዋ ታፈነ። ጡት ትይዝና ሁለቴ ሳብ አድርጋ፣ ትንፋሽ አጥሯት ትለቀዋለች፤ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፤ ልቅሶዋም ድምፅ አልነበረውም። ደረቷ ላይ ጆሮዬን ሳደርግ ፉጨት እሰማለሁ። ቀን በቀን ፊቷ እያነሰ ሄደ። «እማማ፣ ግድግዳው ነው፤ ትንሽ እንኳ መስኮቱን ይክፈቱልን» ብዬ ለመንኳቸው። «ግድግዳ ሰው ሲያሳምም የት ታየ? ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው አሸቱን፤ የከፋ ሲመስላቸው ደግሞ ከሰል ጨመሩ። ክፋት የለባቸውም። ያወቁትን ሁሉ አደረጉልኝ፤ ያወቁት ነው ሊገድለን የነበረው።

ለባለቤቴስ ለምን አልነገርኩም? ማታ ከሥራ ሲመለስ በእግር ጣቱ ይገባና ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሰዋል። «ተመቸሽ?» ይለኛል። ፊቱን እያየሁ እንዴት አድርጌ ልበለው? «ተመቸኝ» እለዋለሁ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አማቴ ማርያምን ሊሳለሙ ወጡ። ልጄ ከጠዋት ጀምሮ አልጠባችም። ከንፈሯ ዳር ጠቆር ሲልብኝ ጮህኩ። ጎረቤቴ በኮሪደሩ ዞራ መጣች። በሩን ስትከፍት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ያ አላህ! እዚህ ውስጥ ነው የምትተኙት?» አለች። ልጄን ከእጄ ነጥቃ ወደ እሷ ወገን ሮጠች። እኔም ራሴን እንደታሰርኩ፣ ግድግዳውን ይዤ ተከተልኳት።

የእሷ በር ልጆቿ ሲወጡ ሲገቡ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። በረንዳው ላይ ዝናቡ አባርቶ፣ የግቢው ጥድ ይንጠባጠባል፤ አየሩ ንጹሕና ቀዝቃዛ ነበር። ጎረቤቴ ልጄን በጋቢ ጠቅልላ አፍንጫዋን በአፏ ስባ ጠረገችላትና ሰጠችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጡት አስያዝኳት። ሁለቴ ሳበች፤ ቆመች። ደግሞ ሳበች። ከዚያ አልለቀቀችም። «አብሽሪ፣ አየሽ? እዚህ ትተነፍሳለች» አለችኝ ጎረቤቴ። እኔ እያለቀስኩ አየሩን በአፌ እጠጣው ነበር።

አማቴ የተመለሱት ያኔ ነው። አራስ፣ ብረት እንኳ ሳትይዝ፣ በሐምሌ ብርድ ደረጃ ላይ! ነጠላቸው ወደቀ። «እግዚኦ! ራስሽንም ልጄንም ገደልሽ! ተነሺ ግቢ!» አሉ። «አልገባም» አልኩ። ጎተቱኝ፤ ጎረቤቴ መሃል ገባች፤ ግቢው ተሰበሰበ። ባለቤቴ ከሥራ ሲደርስ ያገኘን እንዲህ ሆነን ነው።

«ምን ሆነሽ ነው? ግቢ እንጂ፤ ክፍልሽ እኮ ሞቋል» አለኝ፣ በለሆሳስ። ክፍልሽ ሲለኝ ሽታው ከልብሴ ተነሥቶ አፍንጫዬ ገባ። «ያስጠላኛል!» ብዬ ጮህኩ። «የሠራኸው ነገር ያስጠላኛል! እንቁራሪት እንቁራሪት ይሸታል! ያንተም ልብስ፣ ያንተም እጅ ይሸታል!» ይህን ብዬ ጠዋት የበላሁትን ገንፎ እግሩ ሥር አስመለስኩት።

ጫማውን አላራቀም። ሰው ሁሉ እያየው ጎንበስ አለና «ግድግዳውን ነው፣ እኔን?» ብሎ ጠየቀኝ።

አፌ ውስጥ ምራቅ ሞልቶ ነበር። ልጄ ደግሞ እየጠባች ነው፤ ጡቱን እንዳትለቅብኝ ፈራሁ። አልመለስኩለትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከአፌ ያልወጣው ግን የባሰ ሆነ።

ወደ ውስጥ ገባ። ሳይመሽ ግድግዳውን ነቀለው። ሚስማሩ ሲነቀል ያለቅስ ነበር። ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ አጥር ላይ አስደገፋቸው። የአንዱ ቤት ሰው «ለማገዶ ይሆነናል» ቢል «እንዳታነዱት፤ ጢሱ መርዝ ነው» ብሎ ቆጣ አለ። ያን ጊዜ ቀድሞም ያውቅ እንደነበር ገባኝ። ማታ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ አንሶላው ተመልሶ ተሰቅሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተናገረ። መጋዘኑ ውስጥ ያሉ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይህ ገና ጥሬ ነው። ሁለት ሦስት ወር ንፋስ ይምታው። ጠርዙን ቀለም አስጠጣው፤ ስትቆርጠው አፍንጫህን እሰር፤ ሕፃን አታስተኛበት» ብለውት ነበር። «ልትወልጂ ነው፤ ሦስት ወር ከየት ላምጣ?» አለኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት የሚወዱት አማቴ እንኳ ያን ማታ አልተረቱም። ጥግ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ሰሌዳዎቹ በዝናቡ ውሃ ጠጥተው እንደ ራሰ ዳቦ አበጡ፤ ተፈረፈሩ። ሲበሰብሱ እንኳ ግቢው ውስጥ ሳልፍ አፍንጫዬን እይዝ ነበር። ልጄ በሳምንት ውስጥ አፍንጫዋ ተከፈተ፤ ደረቷ የሚያፏጨው ክረምት ክረምት ብቻ ሆነ። አደገች፣ ወለደች፤ ተመስገን። ከጎረቤቴ ጋር በአንሶላ ተጋርደን ስድስት ዓመት ኖርን፤ ከዚያ ወዲያ ሀፍረት የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም።

ባለቤቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ መጋዝ አልያዘም። አንድም ቀን። የአልጋ እግር ሲሰበር፣ በር ሲያዘነብል፣ «ሰው እንጥራ» ይላል። ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም። ከልጆቻችን አንዳቸውም አባታቸው እጀ ወርቅ እንደነበር አያውቁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የራሳችን ቤት ስንገባ፣ ግድግዳ ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያ አስፈለገን። ሆን ብዬ የጥድ ጣውላ፣ ሚስማርና መዶሻ አስገዛሁና ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ዕቃው እንዳለ አለ። እሱ አጠገቡ ተቀምጧል። ጣውላውን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ «አናጢ ጥሪ። የኔ እጅ ለቤት አይሆንም» አለኝ። «ያኔ ግድግዳውን ነበር፤ አንተን አይደለም» ልለው አፌን ከፈትኩ። ሠላሳ ዓመት የዘገየ መልስ እንዴት ይጀመራል? «እሺ» አልኩት፤ አናጢ ጠራሁ።

አናጢው አጣሞ ሰቀለው። እኔ እንኳ አየሁት፤ እሱ ዐይኑ ለእንዲህ ያለ ነገር የማይሳሳት ሰው ነው። ቆሞ ተመለከተውና «ጥሩ ሠርቷል» አለ። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ደረደረ፤ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተቱ ዳር ላይ ድንጋይ አስደገፈላቸው። እኔም አጠገቡ ቆሜ መጽሐፍ አቀብለው ነበር።