በቢጫው ባንዲራ ሥር

በሥራው የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ዴል ያስጨበጠኝ ቁልፍም መፍቻም አልነበረም፤ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ጀልባ የሚጠገነው ደረቅ አስፋልት ላይ ነው። ሞተሩ ውኃ ካልሳበ ደግሞ ይቃጠላል። ስለዚህ ጎማውን ከቧንቧው ትቀጥልና ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ውኃ በሚስብበት ቀዳዳ ላይ ትገጥማለህ፤ ከዚያ ታስነሳለህ። "ውኃውን ሳትከፍት ካስነሳህ በዚያው ወደ ቤትህ ሂድ" አለኝ ዴል። እኔ ባሕር ዳር የሐይቅ ጀልባ ሞተር ስፈታና ስገጥም ያደግሁ ሰው ነኝ። ለጀልባ ውኃ በጎማ ሲመጣለት ግን የዚያን ቀን አየሁ።

ሥራውን ያገኘልኝ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ነው። ጋሼ ነው የምለው። አባታችን በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገኝም፣ ያስተማረኝም፣ በኋላም ስፖንሰር ሆኖ ወደ አሜሪካ ያመጣኝም እሱ ነው። ዘ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሆቴል የእንግዶች መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር። አንድ ቀን ጀልባ የሚጎትት ፒክአፕ ይዞ የመጣ ሰው ቁልፉን ሲሰጠው ጋሼ ቲፑን ትቶ ወሬ ጀመረ። "ወንድም አለኝ፤ ካዚኖ ወጥ ቤት ሰሃን ያጥባል፤ ሞተር ግን በጆሮው ብቻ ሰምቶ በሽታውን ይነግርሃል" አለው። ሰውዬው ዴል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከሰሃን ተገላገልኩ። ረዳት ሆኜ ጀመርኩ፣ መካኒክ ሆንኩ፣ ዋና መካኒክ ሆንኩ። ጀልባዎቻችን የሚወርዱበት ሐይቅ፣ የሌክ ሚድ ውኃ እየሸሸ ሲሄድ ጀልባ ማውረጃው ኮንክሪት ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። አቅም ያላቸው ደንበኞቻችን ጀልባቸውን ወደ ባሕሩ ወደብ ወደ ሳንዲያጎ ወሰዱ። ዴልም ጊዜውን አይቶ አዲስ ሥራ ጨመረ፤ ጀልባ ማድረስ። ባለቤቱ በአውሮፕላን ተንደላቆ ሲሄድ እኛ ጀልባውን በባሕር ይዘንለት ወደ ሜክሲኮ እንወርዳለን። እንዲህ ሆኜ ነው በስተርጅና ካፒቴን የተባልኩት።

በመኪና ድንበር ስትሻገር በር አለ፣ ሰልፍ አለ፣ መስኮት አለ። በትንሽ ጀልባ ስትሻገር ምንም የለም፤ ውኃው ወዲያም ወዲህም አንድ ነው። ድንበሩ የሚጀምረው ወደብ ከደረስክ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቢጫ ባንዲራ ትሰቅላለህ። መጥቻለሁ፣ ገና አልተፈቀደልኝም ማለት ነው። ካፒቴኑ ብቻ ወርዶ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። የቀረው ሰው ባንዲራው እስኪወርድ ድረስ እግሩን መሬት ላይ አያሳርፍም።

ቢሮዎቹ እርስ በርስ ይላላካሉ። የወደቡ አዛዥ የኢሚግሬሽን ማኅተም ይፈልጋል። ኢሚግሬሽን የጉምሩክ ደረሰኝ ይፈልጋል። ጉምሩክ ደግሞ የወደቡን አዛዥ ወረቀት ካላየ ቀና ብሎ አያይህም። አንዱ ከምሳ ሲመለስ ሌላው ለምሳ ይወጣል። ኮፒ የሚያነሳው ሱቅ ከወደቡ አጥር ውጭ ነው፤ ከአጥሩ ለመውጣት ደግሞ ገና ያላገኘኸው ማኅተም ያስፈልግሃል። ዘበኛው ካዘነልህ ያሳልፍሃል፤ ካላዘነልህ እዚያው ትቆማለህ።

የእኔ ደግሞ ይብሳል። ባሕር የሌላት አገር ፓስፖርት ይዤ፣ ባሕር ከሌላት ከተማ የመጣ ጀልባ ካፒቴን ነኝ። ጸሐፊዎቹ ፓስፖርቴን ሲያዩ ይጠራራሉ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይጠረጥራል። የሚስቀው ይሻላል ብዬ አስብ ነበር፤ እሱም ቢሆን ጉዳዬን አያፋጥንም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሠራተኞች ዝርዝር የሚባለው ነው። በጀልባ የገባ በጀልባ ይወጣል። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው በአውሮፕላን ልመለስ ቢል ቢሮው ስሙን ካልሰረዘለት እንደ ጠፋ ሰው ይቆጠራል። ካፒቴን ከሆነ ጀልባ ጥሎ የኮበለለ ይባላል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ከስሙ ጎን እንዲጻፍ አይፈልግም። እኔም አልፈልግም ነበር።

ልነግርህ የፈለግሁት ጉዞ የመጣው በአንድ የጥርስ ሐኪም ጀልባ ነው። ሰውዬው ሰዘርን ሃይላንድስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር የሚኖር የቆየ ደንበኛችን ነው። ክረምቱን አሮጌውን ሞተር አውጥተን አዲስ ገጥመንለታል። የሜክሲኮ የማስገቢያ ፈቃድ ላይ የሞተሩ ቁጥር ስለሚጻፍ፣ ሞተር ሲቀየር ፈቃዱም ይቀየራል። ይህን የሚያስቀይረው ባለቤቱ ነው። ዴል ጠየቀው፤ "ጨርሼዋለሁ" አለ። የላከልንን ፈቃድ ዴል ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ፖስታ ውስጥ አሽጎ ሰጠኝ።

ከመነሳቴ በፊት ዊንቸስተር ሰፈር ወዳለው የጋሼ አፓርትመንት ሄድኩ። ኩላሊቱ ከደከመ ቆይቷል፤ እየተመላለሰ ደሙን ያሳጥባል። ያን ሰሞን እግሩ አብጦ፣ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ልቅር ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"ሂድ ባክህ፣ እዚህ ቁጭ ብለህ ምን ልትጠግነኝ ነው?" አለኝ። "ስትመለስ ዓሣ ይዘህልኝ ና። የፍሪጁን አይደለም፤ የባሕሩን።" ሚስቱ እትዬ አስቴር ከወጥ ቤት ሆና "ጨው ተከልክሏል እንዳትሰማው" አለች። ጋሼ ሳቀ። በር ድረስ ሸኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንድ ነገር ብሆን ግን እንዳትቀርብኝ። አፈር የምታለብሰኝ አንተ ነህ" አለኝ። "ኧረ ተወኝ" ብዬው ወጣሁ።

አብሮኝ የሄደው ራውል ነው፤ የጋራዡ መካኒክ፣ ስፓኒሽ የአፍ መፍቻው። ከድንበሩ በታች ወዳለች አንዲት ትንሽ ወደብ በሰላም ገባን። ቢጫውን ባንዲራ ሰቀልን። የጉምሩክ ሠራተኛው ወርዶ ሞተሩን አየ፣ ፈቃዱን አየ፣ እንደገና ሞተሩን አየ። ቁጥሩ የአሮጌው ሞተር ነው። ሐኪሙ ጨርሼዋለሁ ያለው ማመልከቻውን መጀመሩን ኖሯል። ጀልባው ማስተካከያው ከዋና ከተማቸው እስኪመጣ እንዳይነቃነቅ ታዘዘ። እኔና ራውልም አብረነው ወደቡ ላይ ታሰርን፤ ራውል አስተርጓሚዬ ነው ተብሎ ከእኔ ጋር እንዲወርድ ተፈቀደለት።

ለዴል ደወልኩ። "ዘሪ፣ ከጀልባው አትለይ። ጥለኸው ከሄድክ ይወርሱታል፣ ሰውዬው እኔን ይከሰኛል" አለኝ። አልለይም አልኩት። መጠበቅ የዚህ ሥራ ግማሹ ነው፤ ለምጄዋለሁ። ቀን ከቢሮ ቢሮ፣ ባንኮኒ ለባንኮኒ እንመላለሳለን፣ ማታ እዚያው ጀልባው ላይ እንተኛለን። ራውል ዓሣ አጥማጆችን አግባብቶ ትልቅ ዓሣ ገዛልኝ፤ ለጋሼ ብዬ በረዶ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ እትዬ አስቴር ደወለች። ጋሼ ሆስፒታል ገብቷል። "አትደንግጥ፣ ለቼክ ነው ያስተኙት" አለች። እኔ ግን ደነገጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ራውልን ይዤ የወደቡ አዛዥ ቢሮ ገባሁ።

መስኮቱ ላይ ያለችው መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ራውል ነገሩን ሁሉ አስረዳት። ወንድሜ አባቴም ማለት እንደሆነ፣ ሆስፒታል እንዳለ፣ ስሜን ከዝርዝሩ ሰርዛ ካፒቴንነቱን ለራውል እንድታዛውር፣ እኔ በአውሮፕላን ሄጄ እንድደርስለት። አዳመጠችና አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

"ሞቷል ወይ ነው የምትለው" አለኝ ራውል፣ አይኑን መሬት ላይ አድርጎ።

"በሕይወት አለ በላት።"

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። "የቅርብ ዘመድ ከሞተ በራሴ ፊርማ ዛሬውኑ እለቅሃለሁ" አለች በራውል በኩል። "ከሆስፒታሉ በስልክ የሚላክ አንድ ወረቀት ይበቃኛል። ለታመመ ግን ሥልጣን የለኝም፤ ጀልባው እስኪፈታ ትጠብቃለህ። ውጣና ደውል። አረጋግጠህ ተመለስ።"

ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ደወልኩ። እትዬ አስቴር አነሳች። "ደህና ነው እኮ ዘሪዬ። ትንሽ ድካም ነው። አሁን ተኝቷል።" ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ማን ነው አልኳት። "ጠያቂ ነው፤ ጠያቂ በዛ" አለች። ጋሼን አገናኚኝ አልኳት። "ዶክተሩ ስልክ ከልክሎታል።" ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማሁ፤ እዚህ የተወለደችው ልጃቸው ሜሮን ነበረች። "አጎቴ፣ ፕሊስ፣ ና። ጀስት ና፣ ኦኬ?" አለች። ታለቅሳለች። አንድ የወንድ ድምፅ "አምጪው፣ አምጪው" አለና ስልኩ ተዘጋ።

እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። ሰውየው ከሄደበት እስኪመጣ ይደበቃል፤ ከመጣ በኋላ በጠዋት ተሰብስበን ቤቱ ሄደን እንነግረዋለን። ይህን አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ስንደብቅ እኔም አብሬ ደብቄአለሁ፤ ደህና ነው ብዬ በስልክ ምያለሁ። የልጅቷን ልቅሶ ሰምቻለሁ፣ የሰዉን ድምፅ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ደህና ነው ተባልኩ፤ እኔም ደህና እንዲሆን እፈልግ ነበር። ሜሮን ልጅ ናት፣ አባቷ ታሞባት ነው የምታለቅሰው አልኩ።

ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። "በሕይወት አለ፣ ተመስገን" አልኳት። ራውል ተረጎመ። ሴትዮዋም ደስ አላት፤ በደረቷ ላይ አማተበች። "እንግዲያው ጠብቅ" አለች። ደስ ብሎኝ ወደ ጀልባው ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ስደውል ስልኩን አቶ ታምራት ብቻ ሆኑ የሚያነሱት። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ተኝቷል፣ ተሽሎታል ይሉኛል።

ማስተካከያው በመጨረሻ መጣ። ማኅተሙ ተመታ፣ ሐኪሙ ጀልባውን እዚያው የማስቀመጥ ሐሳቡን ለውጦ መልሱልኝ አለ። ወደ ሳንዲያጎ ተመለስን፤ እዚያም ቢጫ ባንዲራ፣ እዚያም መጠበቅ። አሜሪካኖቹ በስልክ ቪዲዮ ነው የሚያናግሩህ። ጀልባው ይወዛወዛል፣ ፊትህን ክቡ ውስጥ አድርግ ይልሃል፣ መስመሩ ይቆረጣል፣ እንደገና ትጀምራለህ። መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት መኮንን ምግብ ይዘሃል ወይ አለኝ። ዓሣ አልኩት። ለሽያጭ ነው? አለ። "ለወንድሜ ነው" አልኩት። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ አሰናበተኝ።

በረሃውን አቋርጬ ዊንቸስተር ስደርስ ረፋድ ነበር። ከአፓርትመንቱ ፊት ለፊት የአቶ ታምራትን መኪና አየሁ። ከጎኑ የሌሎችን የእድርተኞች መኪና አየሁ። የሥራ ቀን ነው፤ ሁሉም ፈረቃቸውን ለውጠው ነው የመጡት። ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ገባኝ።

በሩ ክፍት ነበር። እትዬ አስቴር ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አቶ ታምራት ክንዴን ያዙኝ። "ዘሪሁን፣ በርታ። ጋሽ ጌታቸው ዐርፏል" አሉኝ። እጄ ላይ የበረዶ ሳጥኑ ነበር። ማን እንደተቀበለኝ አላውቅም። ጮህኩ። ስንት ጊዜ እንደጮህኩ ሌሎቹ ናቸው የሚያውቁት።

ስረጋጋ ቀብሩን ጠየቅሁ። ተቀብሯል። አፈር ያለበሱት የእድሩ ሰዎች ናቸው። መቼ ነው የሞተው አልኳቸው። የነገሩኝን ቀን ከራሴ ቀን ጋር አስተያየሁ። እኔ ቢሮው በር ላይ ቆሜ በደወልኩበት ጠዋት ጋሼ ከሞተ አንድ ሌሊት ሆኖታል። ቀብሩ ገና ነበር። ያን ዕለት ብለቀቅ እደርስ ነበር፤ ለቀብሩ ብቻ ሳይሆን አስከሬኑን ለመሰናበትም እደርስ ነበር።

"ባሕር ላይ ላለ ሰው እንዴት ብለን እንንገር?" አሉ አቶ ታምራት። "ጀልባ ትነዳለህ፤ ደንግጠህ አንድ ነገር ብትሆንስ? አንተም ብትሆን እንደዚሁ ነበር የምታደርገው።" እውነታቸውን ነው፤ አደርገው ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ምን እንዳለችኝ ነገርኳቸው። ሞት ከሆነ ዛሬውኑ እለቅሃለሁ ማለቷን። እትዬ አስቴር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሜሮን ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። "ነገርኳቸው" አለች። "አይ ቶልድ ዜም፣ አጎቴ። ሂ ሃዝ ቱ ኖው፣ ማወቅ አለበት አልኳቸው። ስልኩን ቀሙኝ።"

ዴል ላይም፣ ሐኪሙ ላይም፣ ቢሮዎቹም ላይ ተናድጄአለሁ፤ አሁንም እናደዳለሁ። ቢሮ ግን ቢሮ ነው፤ ያቺ ሴት በሩን ከፍታልኝ ነበር። በእኛው ቤት ነው የተዘጋው፣ ያውም በፍቅር። ይህን እስከ ዛሬ ለእትዬ አስቴር እንዲህ ብዬ አልተናገርኳትም። ያለባት ይበቃታል።

አሁን ወደ ባሕር ብዙም አልወጣም። ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ ጀልባ ለማድረስ የሚሄዱትን አዘጋጃለሁ። ቢጫው ባንዲራ መኖሩን፣ ኮፒው በቂ መሆኑን፣ የሞተሩ ቁጥር ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ራሴ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ከኛ ሰው የሚሄድ ካለ ደግሞ አንድ ነገር እጨምርለታለሁ፤ ሰው ከሞተብኝ በስልክ ንገሩኝ ብለህ ቤትህን አስምለህ ውጣ እለዋለሁ።

እኔ ራሴ አልፎ አልፎ ስወጣ፣ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ የቅርብ ሰው ብለው ይጠይቁኛል። የሜሮንን ስልክ ነው የምሰጠው። እሷ ትነግረኛለች።