ማራኪ የደበቀችው ርዕስ

ጎረቤቴ ማራኪ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን የሰማሁት ከገባች በኋላ ነው። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ለበር ነው የምንኖረው። ጨው ሲያልቅባት የምታንኳኳው የእኔን በር ነው፤ ራቅ ብላ ስትሄድም ቁልፏን የምትተወው እኔ ጋ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ተፈትና ማለፏን ግን ትንፍሽ አላለችም። ገና ያልሆነ ነገር ከተወራ ይበላሻል ብላ ታምናለች። እርግጥ እሷ ብቻ አይደለችም፤ በእኛ ብሎክ ሰው ውጭ አገር መሄዱን የምንሰማው አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ነው። ቢሆንም አናዶኛል፤ እስካሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ማራኪ ቤቴል ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ሥራዋን ታውቃለች፤ ሰው ማመን ግን አይሆንላትም። ነጋዴ ከመረቀላት ሚዛኑን ትጠረጥራለች። የቸርቿ እህቶች ምን እንጸልይልሽ ሲሏት ለአገር ሰላም ትላቸዋለች፤ የራሷን ጭንቀት አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም።

ጭንቀቷ ልጇ ራዕይ ናት። ራዕይ ቤት ውስጥ አፍ አላት። ስትዘፍን፣ ከእናቷ ጋር ስትከራከር በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን አንድ ቃል አይወጣትም። የድሮ ሰፈራቸውን ለቀው ወደዚህ ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ናት። ማራኪ ለጠየቃት ሁሉ «ዓይናፋር ናት» ብላ ታልፋለች፤ እኔንም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ለካ ትምህርቱን የጀመረችው ለዚህ ኖሯል፦ እንዲህ ያሉ ልጆችን አጥንታ ለልጇ መላ ለመፈለግ። ጉዳዩን በደንብ የሚያውቁት ዶክተር ወለተጻድቅ የሚባሉ መምህርት ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲውን የመረጠችውም እሳቸው አማካሪዋ እንዲሆኑላት ብላ ነው።

ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለአዲስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሦስት ቀን ኦሬንቴሽን ተዘጋጀ። ማራኪ ገና ከበሩ ጠረጠረች። ሻይና ብስኩት በነፃ ነው፤ መምህራኑ እየሳቁ ይጨብጣሉ፤ አስተባባሪው አቶ መገርሳ ከዛሬ ጀምሮ ቤተሰብ ናችሁ ይላል። ይህ ሁሉ ደግነት ምን ፈልጎ ነው አለች በሆዷ። አቶ መገርሳ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አስቀመጣቸው። ጥንዶቹ ሦስቱንም ቀን ስለ ጥናት ሐሳባቸው ሲወያዩ ይሰነብታሉ፤ በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ተነስቶ ማጥናት የሚፈልገውን ይናገራል፤ ከኋላ የተቀመጡት መምህራን ደግሞ የሚያማክሩትን እዚያው ይመርጣሉ።

ለማራኪ የደረሰቻት አየር ጤና አካባቢ መዋዕለ ሕፃናት የምትመራ ዊዳድ የምትባል ሴት ናት። ዊዳድ ጥያቄ ታበዛለች። ስንተኛ ክፍል ነው የምታስተምሪው? የሚያስቸግሩሽ የሚረብሹት ናቸው ወይስ ዝም የሚሉት? ርዕስ መርጠሻል? ልጅ አለሽ? ማራኪ በየጥያቄው ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ ታደርጋለች። በዚያ ላይ አንድ መምህር ተነስተው የሰው ሐሳብ ወስዶ በራስ ስም ማቅረብ ከትምህርት እንደሚያስባርር ሰፋ አድርገው አስረዱ። አዳራሹ ሁሉ ስለ ራሱ ሲሰጋ ማራኪ ዞር ብላ ዊዳድን አየቻት። ዊዳድ ፈገግ አለችላት። ፈገግታው ራሱ አልጣማትም።

ስለዚህ ዊዳድ ስለ ርዕሷ ደግማ ስትጠይቃት «የተማሪዎች ምገባ» ብላ ዋሸቻት፤ የዊዳድን ርዕስ ግን ጠይቃትም አታውቅም። እውነተኛውን በመጨረሻው ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ማንም ሊሰርቃት በማይችልበት ሰዓት ልትናገር ነበር ያሰበችው። ይህን ስትነግረኝ በብልጠቷ ኮርታ እንደነበር ያስታውቅ ነበር፤ እኔ ሳቄ መጣ።

ቀኑ ደረሰ። ወረፋው በመቀመጫ ስለነበር ዊዳድ ቀደመች። ተነስታም ቤታቸው እንደ ልብ እያወሩ ትምህርት ቤት አፋቸው ስለሚዘጋ ልጆች ማጥናት እፈልጋለሁ አለች። ዶክተር ወለተጻድቅ ወዲያው እጃቸውን አወጡ። ሥራው ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ጓደኛ ካገኘሽ ሁለታችሁንም እወስዳለሁ አሏት።

ማራኪ ደሟ ፈላ። ለማንም ያልተናገረችውን ከየት አመጣችው? ቀጥላ የምትነሳው ራሷ ናት። እኔም ይህንኑ ነው የማጠናው ብትል የዊዳድን ሐሳብ ሰረቀች ሊሏት ነው። ተነሳችና የተማሪዎች ምገባ አለች። አንድ መምህር ደስ ብሏቸው ወሰዷት።

ከፕሮግራሙ በኋላ ዊዳድን በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«ስለ ልጄ ማን ነገረሽ?»

ዊዳድ ግራ ገባት። ልጅሽ ምን ሆነች ብላ ጠየቀቻት። ያኔ ነው ማራኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተናገረችው፤ እሱንም በቁጣ። ዊዳድ መጀመሪያ ፊቷ በራ፣ ቆይቶ ጠቆረ። ልጇ ኢርፋን እንዲሁ ነው። ያንን ሁሉ የጠየቀቻትም እንዲህ ያለ ልጅ የሚያውቅ አንድ ሰው ባገኝ ብላ ነበር።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ? ዶክተሯ ጓደኛ ፈልጊ ካሉኝ በኋላ?» አለቻት። «እኔን ምገባ አልሽኝ፤ እዚያም ቆመሽ ምገባ ነው ያልሽው።»

ማራኪ ማለች፣ ተገዘተች። ዊዳድ ግን ቦታውን ፈልጋ የፈጠረችው መስሏት አላመነቻትም። ማን ይመስክርላት? የቸርች እህቶቿ አያውቁም፤ የሥራ ባልደረቦቿም አያውቁም። ያን ዕለት ማታ እኔ ጋ መጣችና ደውለሽ እውነቷን ነው በይልኝ አለችኝ።

«እኔ የማውቀው ዓይናፋር መሆኗን ነው» አልኳት፤ ቂሜን መያዜ ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ግን አንጀቴን በላችው። ስልኩን ተቀብዬ ደወልኩ። ዊዳድ ጎረቤት ምን አይልም አለች፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። በመጨረሻ ቅዳሜ ልጅቷን ይዛት ትምጣ አለች። ማራኪ ያቺን ከሰው ሁሉ ሸሽጋ የኖረቻትን ልጅ ማስረጃ አድርጋ ልታቀርባት ሆነ። ራዕይን ሊያዩዋት መሆኑን ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ጁስ አለ ወይ አለችኝ።

ቅዳሜ ሦስታችን ቤቴል ወደሚገኝ አንድ ካፌ ሄድን። ዊዳድ ከኢርፋን ጋር ቀድማን ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ማራኪን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። አስተናጋጁ ኢርፋንን ምን ልታዘዝ አለው። ልጁ ጠረጴዛው ላይ አፈጠጠ። ዊዳድ አላዘዘችለትም።

«አትቸኩል፣ እንጠብቅሃለን» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። ቆይቶ ሜኑው ላይ ያለውን የማንጎ ጁስ ሥዕል በጣቱ አሳየ።

ቀጥላ ወደ ራዕይ ዞረችና ስሟን ጠየቀቻት። በመንገዱ ሁሉ ጆሯችንን ስትበላው የመጣችው ልጅ ከንፈሯን ገጥማ ጉልበቷን ማየት ጀመረች። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይደግማል፣ ወይ ጉንጯን ቆንጠጥ ያደርጋል። ዊዳድ አልደገመችም። ዝም ብላ ጠበቀቻት። እንደዚያ ስትጠብቅ ያየኋት ሌላ ሰው ማራኪ ብቻ ናት። ዊዳድ ቀስ ብላ ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት ማራኪን። «ስንቴ ጠየቅሁሽ።»

ማራኪ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣትም። ራዕይ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«አትቸኩይ» አለቻት ዊዳድ። «እንጠብቅሻለን።»