«አትንኩ!» ብዬ የጻፍኩበት ስዊች

ምሳ ሰዓት ላይ ሲስተሙ ይበር ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ጥፋቴ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ዳንግላ ተወልጄ እንጅባራ የምሠራ የአይቲ ሰው ነኝ። ያኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍሉን የያዙት አንዲት እናት ነበሩ፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው። ወረቀቱ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲገባ ሌላው ሲያጉረመርም፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው መጀመሪያ «በል አሳየኝ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ከዘንገና በኩል የመጣ ገበሬ አማርኛው ሲያጥረው፣ በአውኚ ስሙንም ያባቱንም ስም ይጠይቁታል፤ ላሙ እንደታመመች ከነገራቸው ደግሞ ስለ ላሟም ይጠይቃሉ። ላሟ ሲስተሙ ላይ ቦታ የላትም፤ ግን ይጠይቃሉ። ለዚህ ለዚህ ነው የምወዳቸው።

ክረምት ላይ መብረቅ ስዊቹን አቃጠለብን። ስዊች ማለት የሁሉም ካርድ መረጃ የተቀመጠበትን ሰርቨርና የየክፍሉን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኘው ሣጥን ነው። አዲሱን የተከልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ካርድ ክፍሉ ይንቀራፈፍ ጀመር። አንድ ስም እስኪከፈት ስክሪኑ ላይ «ጠብቁ» የምትለዋ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ሰልፉ በሩን አልፎ ግቢው መሃል ይደርሳል። «ኧረ የሰው ያለህ!» ይላል ሕዝቡ። ሐኪሞቹ አንድ ገጽ ከፍተው በሽተኛውን ሲመረምሩ ስለሚቆዩ ብዙም አይሰማቸውም፤ መከራው እትዬ ላይ ነው። ኃላፊያችን ይጠሩኛል። እኔ ደግሞ ሕዝቡ ሲበተን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ተቀምጬ እፈትናለሁ። ይበራል! ጽፌ ሳልጨርስ ይከፈታል።

ሦስት ጊዜ ፈተንኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ በረረ። ታዲያ ምን ልበል? ዓይኔን በጨው አጥቤ ሪፖርት ጻፍኩ፦ «ኔትወርኩ ጤነኛ ነው። ችግሩ የተጠቃሚዋ እጅ መዘግየት ነው።» ፈረምኩበትም። ለራሳቸውም፣ «እትዬ፣ እጅዎ ነው እኮ» አልኳቸው። ጣቶቻቸውን አዩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ ወጣ፤ እትዬ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ንብረት ክፍል ይዛወሩ የሚል። በቦታቸው የምትተካው ጸሐፊ እጇ ፈጣን ነው፤ አውኚ ግን አትሰማም። እትዬ ደብዳቤውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና እኔ ዘንድ መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አሉኝ። «ምሳ ሰዓት አትፈትነው። ነገ ገበያ ነው፤ ሕዝቡ ግር ሲል ና አጠገቤ ተቀመጥ። ብቻውን ሲሆን ደህና ነው፤ ሰው ሲበዛበት ነው የሚደናገረው።»

በማግስቱ ሄጄ ተቀመጥኩ። ወይ ጉድ! ጣታቸው ከእኔ ይፈጥናል። ስሙን ጽፈው ይጨርሱና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ፤ ክቧ ትዞራለች። ክው አልኩ። እየሮጥኩ ስዊቹ ጋ ሄድኩ።

ስዊቹ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ በትልቁ «አትንኩ!» ይላል። ጽሑፉ የእኔ ነው። የተከልኩት ቀን፣ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውን መስመር ስዊቹ ላይ «በአንድ ጊዜ ተናገርም ስማም» ብዬ በእጄ አስሬው ነበር፤ ሰርቨሩን ግን ራሱ እንዲመርጥ ተውኩት። አንደኛው ወገን እንዲህ ከታሰረ ሌላው የሚመካከረው ያጣና በተራ መናገር ይይዛል። ሥራው ትንሽ ሲሆን አያስታውቅም። ጠዋት ሁሉም ክፍል ሲጠይቅ ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ይደርብበታል፤ የተባለው ይጠፋል፣ እንደገና ይጀመራል። ላፕቶፔን ስሰካበት የስህተቱ ቆጣሪ ዓይኔ እያየ ይሮጣል። እኔም እንደ ሰው ሁሉ «አትንኩ» የሚለውን አክብሬ ኖሯል ያልነካሁት!

ሁለቱም ወገን ተነጋግረው እንዲስማሙ አደረግኳቸው። ደቂቃ አልፈጀም። ከካርድ ክፍሉ በኩል «እሰይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እትዬን ከቦታቸው አያንሷቸው» አልኩ።

«ፈርመህ እኮ ነው የሰጠኸኝ!»

«ሌላ ልፈርም።»

እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ዝውውሩ ያንኑ ዕለት ተሰረዘ።

እትዬ ጋ ስመለስ ሰልፉ አልቆ፣ ክፍሉ ጭር ብሏል። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «እጅዎ ምንም አልሆነም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሰኞም እዚሁ ነዎት።»

እሳቸውም ቦርሳቸውን ከፍተው የታጠፈ ካርቶን አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የኮምፒውተሩን ፊደሎች በሙሉ በእስክሪብቶ፣ አንድ በአንድ፣ በየቦታቸው ጽፈውበታል። መሃል ያሉት ከጣት ብዛት ደብዝዘዋል።

«ቤት ስገባ በዚህ ነበር የምለማመደው» አሉ። «እጅዎ ነው አላልከኝም? አንተ ካልክማ እውነት ነው ብዬ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንባዬ መጣ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ።

«ተው አንተ ልጅ» አሉኝ፣ ካርቶኑን መልሰው እያጠፉ። «ሂድ ምሳህን ብላ፤ ዛሬስ የምትፈትነው የለም።»