የሁለት ቀን ፀጉር

ፀጉሬ አመለኛ ነው። ሉጫ እንዳልለው ይጠማዘዛል፤ ከርዳዳ እንዳልለው ደግሞ እርጥብ ሲሆን ትከሻዬ ላይ ይወርዳል። ደርቆ ሳለ ካበጠሩት ተነፋፍቶ ሦስት ራስ ያህላል። በነቀምቴ ክረምትማ አይጣል ነው! ጠዋት አስተካክዬው ወጥቼ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት እስክደርስ ካፊያው ሌላ ሰው ያደርገኛል። ተማሪዎቼ በኦሮምኛ ይንሾካሾካሉ። ይገባኛል እኮ፤ እዚሁ ወለጋ ነው የተወለድኩት።

እንዴት እንደሚያዝ የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እናቴ ዘንድ ፀጉር የሁለት ቀን ሥራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ለጋ ቅቤ ከሥሩ ጀምራ ትቀባና በሻሽ ጠፍራ ታሳድረዋለች። በማግስቱ ታጥበዋለች፤ ከዚያ ሳይደርቅ፣ ከጫፉ ወደ ላይ እየፈታች፣ በእንጨት ሚዶ ታበጥረዋለች። ሹሩባው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጉልበቶቿ መሀል ቁጭ ብዬ ስቁነጠነጥ በሚዶው እጀታ ኳ ታደርገኝና ወሬዋን ትቀጥላለች። የአባቴን ምስጢር ሁሉ የሰማሁት እዚያ ነው።

ነቀምቴ ከተመደብኩ ወዲህ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። መንገዱ ሰላም አጥቶ ከእናቴ ጋር ሁለት ዓመት ሳንተያይ ቀረን። ለራሴ ቅቤ ለመቀባት ሞክሬያለሁ። ፊት ፊቱ ይሆናል፤ ማጅራቴ ጋ ያለው ግን እጄ በደንብ አይደርስለትም፣ ተቋጥሮ ይቀራል። ማንን "ነይ ቀቢኝ" እላለሁ? አከራዬ ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ራስ ለማንም አይሰጥም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሬን ዘግቼ ቋጠሮውን በመቀስ እቆርጠው ነበር። እያለቀስኩ ነው የምቆርጠው፤ ምን ይደበቃል።

መንገዱ ሲከፈት እናቴ ደውላ "እመጣለሁ" አለችኝ። የምሆነውን አጣሁ። ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ እሺ ካለችም ክረምቱን በሙሉ አብራኝ እንድትቀመጥ ነበር ሐሳቤ። እና ምን አደረግሁ? ያን የተቆራረጠ ፀጉር አይታ "ልጄ ሰው የላትም" ብላ እንዳታዝን፣ በዋዜማው ፀጉር ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ አጥባ፣ ካስክ ውስጥ ከታ፣ የተቆራረጠውን አስተካክላ፣ በፔስትራ ተኩሳ ሉጫ አደረገችው። መስተዋቱ ውስጥ ያየኋትን ሴት አላውቃትም። ድንቄም ዘመናዊ!

እናቴ መናኸሪያ ስትወርድ አቅፋ ሳመችኝና እጇን ወደ ማጅራቴ ሰደደች። እጇ እዚያው ትንሽ ቆመ።

"ተሠርተሻል" አለች።

"አዎ፣ እዚህ ጎበዝ ልጅ አለች" አልኳት። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

"እሰይ፣ የኔ አበባ። እኔ እኮ ማን ይይዝላታል እያልኩ ስጨነቅ ነበር።"

ቤት ስንደርስ ከዘንቢሏ በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አወጣች። ሚዶዋንም አየሁት፤ እሱን ግን መልሳ ከተተችው። ቅቤውን ይዛ ወደ አከራዬ ሄደችና "ለወጥ ይሁንዎት" አለቻቸው። እሳቸውም "ገለቶማ፣ ገለቶማ" ብለው እያመሰገኑ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። "እማ፣ የኔ ነው እኮ" ማለት አቃተኝ። ገና ትናንት በተተኮሰ ፀጉር ላይ ቅቤ ማን ይቀባል?

አመሻሹ ላይ ስለ በቆሎው፣ ስለ ጎረቤቶቹ ጠየቅኋት። መለሰችልኝ፤ ግን ከጥያቄዬ አልፋ አልሄደችም። ለካ እናቴ እጇ ሥራ ካልያዘ ወሬም አይመጣላት። የአልጋ ልብሱን ዳር ትዳብሳለች። ሁለት ዓመት የጠበቅኋት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ናፈቀችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ አገኘኋት።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ቤቴ ነዋ።"

"ትናንት መጥተሽ? ኧረ ትንሽ ሰንብቺ!"

ክፍሉን ዞር ዞር ብላ ቃኘች፤ የተነጠፈውን አልጋ፣ የታጠቡትን ሳህኖች፣ በመጨረሻም ፀጉሬን አየች።

"ምን ልሠራ ብዬ፣ ልጄ?" አለች። በቅሬታ አይደለም፤ እውነቷን ጠይቃኝ ነው።

ምንም አትሥሪ፣ ዝም ብለሽ አጠገቤ ቁጭ በይ ማለት ነበረብኝ። ዘንቢሏን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት።